መቍጠርና ማከም፤ በተፈናቃዮች የአእምሮ ጤና ጥናቶች ላይ የቀረበ ሒስ

ስለ ስደተኞችና ስለ ተፈናቃዮች የአእምሮ ጤና በአገራችን የሚቀርበው ጥናት ባለፉት ዓመታት እየበዛ ሄዷል። በጌዴኦም ቢሆን፣ በደብረ ብርሃንም ቢሆን፣ በደሴም ቢሆን፣ መጠለያ ጣቢያ በተቋቋመበት ስፍራ መጠይቅ የያዘ ተመራማሪ መድረሱ የተለመደ ነገር ሆኗል። የጥናቶቹም መልክ እርስ በርሱ ይመሳሰላል። በመጀመሪያ ስለ ችግሩ ክብደት ጥቂት ገጽ ይጻፋል፤ ቀጥሎ ጥቂት መቶ ሰዎች ይጠየቃሉ፤ ከዚያም ከመቶ ይህን ያህሉ የአእምሮ ሕመም ምልክት ይታይባቸዋል ተብሎ አንድ ቍጥር ይወጣል፤ በመጨረሻም የሚመለከታቸው ክፍሎች ትኩረት እንዲሰጡበት ተጠይቆ ጽሑፉ ይዘጋል።

እኛ በዚህ ጽሑፍ ልንመረምረው የተነሣነው ይህንኑ ልማድ ነው። ሐሳባችን በጥናቶቹ ላይ የደከሙትን ሰዎች ለማቃለል አይደለም፤ ከእነርሱ ሥራ ያልተማርነው ነገር የለም። ነገር ግን ቈጠራው ራሱ የርዳታ ያህል መታየት ከጀመረ ዘንድ፣ በመጠለያ ያለው ሰው ሕመሙን ተጠይቆ፣ ተመዝግቦ፣ ሳይታከም ይቀራል። ስለዚህ የምንከራከርለት ነገር አንድ ብቻ ነው፤ ይኸውም ሰውን ስለ ልቡ ሕመም የሚጠይቅ ሁሉ፣ መልሱ የሚደርስበትን ስፍራ አስቀድሞ ማዘጋጀት አለበት የሚል ነው። ነገሩ በሐሳብ ብቻ እንዳይቀር ሐርቡን እንደ አስረጅ እንወስዳለን።

ሐርቡና እንግዶችዋ

ሐርቡ በደቡብ ወሎ በቃሉ ወረዳ፣ ከኮምቦልቻ ወደ ከሚሴ በሚወስደው የአዲስ አበባ ጐዳና ላይ የምትገኝ ከተማ ናት። ጐዳናው ለንግድዋ በረከት እንደ ሆነላት ሁሉ በጦርነት ጊዜ መከራን አምጥቶባታል። በ2013 ዓ.ም. መጨረሻ ከሰሜን ወሎ የሸሹ ብዙ ሰዎች በደሴና በኮምቦልቻ ትምህርት ቤቶች ተጠልለው ነበር። በጥቅምት 2014 ዓ.ም. ሁለቱ ከተሞች በትግራይ ኀይሎች እጅ ሲገቡ ከእነዚያው ሰዎች ብዙዎቹ እንደ ገና ወደ ደቡብ ተሰደዱ። መንግሥት ከተሞቹን መልሶ መያዙን ያስታወቀው ኅዳር 27 ቀን 2014 ዓ.ም. ነው። እንግዲህ የዚህ ጐዳና ነዋሪ እንግዳ ተቀባይ ብቻ ሳይሆን ራሱም የጦርነት ጕዳተኛ ነው።

ሁለተኛው ወገን ከወለጋ የመጣው ነው። ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ በወለጋ ዞኖች በደረሰው ግድያና ጥቃት ምክንያት ብዙ የአማራ ተወላጆች ወደ ደቡብ ወሎ መጥተው በሐርቡ፣ በሐይቅ አቅራቢያ በጃሪና በሌሎችም ስፍራዎች ተጠልለዋል። ሰኔ 11 ቀን 2014 ዓ.ም. በምዕራብ ወለጋ በጊምቢ ወረዳ በቶሌ በመቶ የሚቈጠሩ ሰዎች የተገደሉበት ቀን ከነዚህ ጥቃቶች ሁሉ የሚታወቀው ነው። በ2016 ዓ.ም. ተፈናቃዮችን ወደ ነበሩበት የመመለስ ሥራ ተጀምሯል፤ ነገር ግን ሰው በመኪና ተጭኖ ሲመለስ ሕመሙ አብሮት የሚጫን እንጂ በመጠለያው የሚቀር አይደለም።

የእነዚህ ሰዎች ታሪክ አንድ ልዩ ነገር አለው። በ1977 እና በ1978 ዓ.ም. ረኀቡ ወሎን ባጠቃ ጊዜ የደርግ መንግሥት 600,000 ያህል ሰዎችን ወደ ደቡብና ወደ ምዕራብ አገር አሠፈረ። ከእነዚህ ውስጥ ብዙዎቹ ወሎዬዎች ነበሩ፤ ወለጋም ከሠፈራው ቦታዎች አንዱ ነበር። ስለዚህ በሐርቡ መጠለያ የተቀመጠ የ30 ዓመት ጐልማሳ «ወደ አገርህ ገባህ» ቢባልም፣ አገሩን በአባቱ ወሬ እንጂ በዐይኑ አያውቀውም። አባት ከረኀብ ሸሽቶ የወጣበትን አገር ልጁ ከጥይት ሸሽቶ ገባበት ማለት ነው። «ከአገርህ ከወጣህ ስንት ጊዜ ሆነህ?» የሚል ጥያቄ ቢቀርብለት፣ የትኛውን አገርና የትኛውን መውጣት እንደሚመልስ ጠያቂው ራሱ ሊያውቅ ይገባዋል።

ስደተኛና ተፈናቃይ

በቋንቋችን «ስደት» የሚለው ቃል ወሰን አያውቅም፤ ከቤቱ የተነቀለ ሁሉ ስደተኛ ይባላል። የሕጉ ቋንቋ ግን ይለያል። በ1943 ዓ.ም. የጄኔቫው ስምምነት፣ ጳጕሜን 5 ቀን 1961 ዓ.ም. እዚሁ አዲስ አበባ ላይ የተፈረመው የአፍሪካ አንድነት ድርጅት ስምምነት፣ እንዲሁም የአገራችን የስደተኞች አዋጅ ቍጥር 1110/2011 ስደተኛ የሚሉት የአገሩን ወሰን የተሻገረውን ሰው ነው። በአገሩ ውስጥ የተነቀለው ተፈናቃይ ይባላል፤ ለእርሱ የቆመው የካምፓላ ስምምነት ነው፤ ኢትዮጵያም በ2012 ዓ.ም. አጽድቃዋለች።

ይህን የምናነሣው ስለ ቃላት ለመጨቃጨቅ አይደለም። ስደተኛው በስሙ የተቋቋመ መሥሪያ ቤትና የተባበሩት መንግሥታት ከፍተኛ ኮሚሽን አለው፤ መዝገቡም ከእነርሱ ዘንድ ይገኛል። ተፈናቃዩ ግን በጤና ቢሮ፣ በአደጋ ሥራ አመራር፣ በወረዳ አስተዳደርና በርዳታ ድርጅቶች መካከል የተከፋፈለ ነው። ከወሰን ማዶ የመጣውም ሆነ ከወለጋ የመጣው ሌሊት ሲጮኽ ጩኸቱ አንድ ነው፤ «ማን ይነሣለት?» የሚለው ጥያቄ ግን በየመዝገቡ መልሱ ይለያያል። ስለ ስደተኞች የአእምሮ ጤና የሚናገር ጥናት ይህን ልዩነት ዘልሎ ቢሄድ፣ «የሚመለከታቸው ክፍሎች» የሚለው መደምደሚያው ማንንም የማይመለከት ይሆናል።

ቍጥሮቹ ምን ይነግሩናል?

አሁን ወደ ቍጥሮቹ እንመለስ። በአውሮፓ አቈጣጠር በ2001 ዴ ዮንግና ባልደረቦቻቸው በአሜሪካ የሐኪሞች ማኅበር መጽሔት አንድ ጥናት አወጡ። ጦርነትና ግፍ ባለፈባቸው አራት አገሮች፣ ከአሰቃቂ አደጋ በኋላ የሚመጣው የአእምሮ ጭንቀት በሕይወት ዘመናቸው የደረሰባቸው ሰዎች በአልጄሪያ ከመቶ 37.4፣ በካምቦዲያ 28.4፣ በጋዛ 17.8፣ በኢትዮጵያ ደግሞ 15.8 ሆነው ተገኙ። በ2010 ዓ.ም. በጌዴኦና በምዕራብ ጉጂ ወደ አንድ ሚሊዮን የሚጠጋ ሕዝብ ከተፈናቀለ በኋላ በጌዴኦ የተደረገው፣ በአውሮፓ አቈጣጠር በ2020 የታተመው ጥናት ግን ያንኑ ሕመም ከመቶ 58.4 አድርሶታል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 በአውሮፓ አቈጣጠር ያወጣው ግምት፣ ጦርነት ባለበት አገር ከሚኖሩት ከመቶ 22.1 የሚሆኑት በማንኛውም ጊዜ አንድ ዐይነት የአእምሮ ሕመም እንዳለባቸው ይናገራል። ከጠቅላላው ሕዝብም ከመቶ 5 ያህሉ በጽኑ የታመሙ ናቸው።

15.8 እና 58.4፤ ሁለቱም ኢትዮጵያ ናቸው። ታዲያ የትኛውን እንመን? መልሱ ሁለቱንም ማመን ነው፤ ምክንያቱም የጠየቁት አንድ ነገር አይደለም። የፊተኛው ረዘም ባለና ሕመምን ለመለየት በተዘጋጀ የቃለ መጠይቅ ዘዴ፣ መከራው ካለፈ ከዓመታት በኋላ የተጠየቀ ነው። የኋለኛው በአጭር መጠይቅ፣ ሰዎቹ ገና በመፈናቀል ሳሉ የተጠየቀ ነው። አጭር መጠይቅ ወንፊት ነው፤ ሊታመም የሚችለውን ከደኅነኛው ያበጥራል እንጂ ሕመሙን አይወስንም። ከወንፊቱ በኋላ የሚመጣው የሐኪም ምርመራ ሳይደረግ በወንፊቱ ላይ የቀረውን ሁሉ ሕመምተኛ ብሎ መቍጠር፣ ገብሱን ከእንክርዳዱ ሳይለቅሙ ጎተራ እንደ መክተት ነው።

ጥያቄው ራሱ

ከቍጥሩ ይልቅ ግን ጥያቄው ያሳስበናል። በአገራችን በብዙ ጥናቶች የተሠራበትን የዓለም ጤና ድርጅትን ባለ 20 ጥያቄ መጠይቅ እንመልከት። በውስጡ ስለ ራስ ምታት፣ ስለ ምግብ ፍላጎት፣ ስለ እንቅልፍ፣ ስለ ድካም፣ ስለ ሆድ ሕመም የሚጠይቁ አሉ። መልሱ አዎ ወይም አይደለም ብቻ ነው። በሰላም ቤቱ ላለ ሰው እነዚህ መልካም ምልክቶች ናቸው። ነገር ግን የወሩ ቀለብ የዘገየበት፣ ከብዙ ቤተ ሰብ ጋራ በአንድ አዳራሽ ሥር የሚተኛ፣ የቆላ ሙቀትና ወባ የሚያስቸግረው ሰው «እንቅልፍህ ተበላሽቷልን?» ሲባል «አዎ» ቢል፣ የታመመው አእምሮው ነው ወይስ መኝታው? መጠይቁ ይህን ለመለየት አልተሠራም። ጠያቂው ግን ሊለየው ይችል ነበር።

ሁለተኛው ነገር ጊዜ ነው። የሕመሙ ስም ራሱ ከአደጋ «በኋላ» ይላል፤ አደጋው እንዳለፈና ትዝታው ብቻ እንደ ቀረ ይቈጥራል። ነገ ወደ ወለጋ ተመለስ ይባል ይሆናል ብሎ የሚፈራ ሰው ዘወትር ነቅቶ መጠበቁ የበሽታ ምልክት ነው ወይስ ማስተዋል? ይህን ከሰውዬው ጋራ ቁጭ ብሎ ሳይነጋገሩ በነጥብ ድምር ብቻ ሊያውቁት አይቻልም።

ሦስተኛው ነገር ቋንቋ ነው። የወሎ ሰው ስለ መከራው ሲናገር ቃል አያጣም። «ሐሳብ ገደለኝ» ይላል፤ «እንቅልፍ ነሣኝ»፣ «አንጀቴ አረረ»፣ «ልቤ ተሰበረ» ይላል። ይሁን እንጂ «እንዴት ሰነበትህ?» ለሚለው እንግዳ የሚሰጠው የመጀመሪያ መልስ ምስጋና ነው፤ እስላሙ «አልሐምዱ ሊላህ»፣ ክርስቲያኑ «እግዚአብሔር ይመስገን» ይላል። ይህ ሐሰት አይደለም፤ በመከራ ጊዜ ማማረር ነውር ነው የሚል ጠባይ ነው። እውነተኛው ነገር የሚመጣው ከሁለተኛው ወይም ከሦስተኛው የቡና ስኒ በኋላ ነው። በሌላ በኩል፣ ዘወትር መዝገብ የያዘ ሰው የሚመጣው ለርዳታ ምዝገባ በሆነበት መጠለያ፣ መጠይቁን ያየ ሰው መከራውን ከፍ አድርጎ ቢናገር አይፈረድበትም። እንግዲህ ያው መጠይቅ አንዱን ያሳንሳል፣ ሌላውን ያገንናል። በአማርኛ መተርጐሙ ብቻ አያድነውም።

አራተኛውና ከሁሉ የሚከብደው ይህ ነው። ከ20ዎቹ ጥያቄዎች አንዱ ተጠያቂው ሕይወቱን ስለ ማጥፋት አስቦ እንደ ሆነ ይጠይቃል። ይህ ጥያቄ በሐኪም ክፍል ውስጥ ሲጠየቅ ቀጥሎ የሚደረገው የታወቀ ነው። በመጠለያ፣ ጐረቤት በሚሰማበት ስፍራ፣ ማታ ወደ ከተማ በሚመለስ ጠያቂ ሲጠየቅስ? አንዲት እናት አንገትዋን ደፍታ «አዎ» ብትል፣ እጁ በወረቀቱ ላይ «1» ከጻፈ በኋላ ቀጥሎ ወዴት ይሄዳል? የሐርቡን ጤና ጣቢያ አስቀድሞ አነጋግሯልን? የሚቀበላት ነርስ ስሙ ታውቋልን? ይህ ካልተዘጋጀ፣ ጥያቄው አለመጠየቁ ይሻል ነበር ማለት እንደፍራለን። ለማንም ያልነገረችውን ምስጢር አውጥታ፣ ምስጢሩ ምንም ነገር እንደማያስነሣ አይታለችና።

አስቀድሞ የተነገረ ነገር

ይህ ሁሉ ሊታወቅ የማይችል አዲስ ነገር አይደለም። ከ1983 ዓ.ም. በኋላ ከኤርትራ የተፈናቀሉ ኢትዮጵያውያን በአዲስ አበባ መጠለያዎች ለዓመታት ኖረዋል። የአእምሮ ሐኪሙ መስፍን አርአያና ባልደረቦቻቸው ከ1,000 በላይ የሚሆኑትን አጥንተው በአውሮፓ አቈጣጠር በ2007 ውጤታቸውን አሳትመዋል። የጥናታቸው ጥቅም በስንት ሰው ታመመ ላይ ብቻ አልቆመም። መከራው በሰው ኑሮ ላይ የሚያሳድረው ጫና በማኅበራዊ ድጋፍና ሰው ችግሩን በሚቋቋምበት መንገድ እንደሚለዋወጥ፣ ሴቶችም ከወንዶች ይልቅ ሥቃያቸው የበዛ፣ ድጋፋቸው ግን ያነሰ መሆኑን አሳይተዋል። ይህ ቍጥር ብቻ አይደለም፤ ሥራው ከየት ሊጀመር እንደሚገባ የሚያመለክት ነው።

እንዲሁም በአውሮፓ አቈጣጠር በ2007 የዓለም ድርጅቶች በጋራ ያወጡት የአደጋ ጊዜ የአእምሮ ጤና መመሪያ ባለ አራት እርከን ሥራን ይገልጻል። ከታች መሠረቱ ደኅንነት፣ ምግብ፣ መጠለያ ነው፤ ሁለተኛው የቤተ ሰብና የማኅበረ ሰብ ድጋፍ ነው፤ ሦስተኛው ልዩ ሐኪም ባልሆኑ፣ ነገር ግን በሠለጠኑ ሰዎች የሚሰጥ ርዳታ ነው፤ ጫፉ ላይ ያለው ጥቂቶችን የሚመለከተው የልዩ ሐኪም ሥራ ነው። የእኛ ጥናቶች በአብዛኛው የሚለኩት ጫፉን ነው፤ ሦስቱን እርከኖች «ተያያዥ ምክንያቶች» በሚል ሠንጠረዥ ውስጥ ቀብረዋቸዋል።

ስለ ሁለተኛው እርከን ከወሎ አንድ ምሳሌ እንስጥ። ሌላው አገር ዕድር የሚለውን ወሎ ቅሬ ይለዋል። ቅሬ ሬሳ ማንሣት ብቻ አይደለም፤ ሰው በሞተበት ቤት ማን ይመጣል፣ ማን ያድራል፣ ማን ምግብ ያበስላል የሚለውን ሁሉ የሚደነግግ ማኅበር ነው። የወለጋው ተፈናቃይ ከቤቱና ከከብቱ ጋራ ቅሬውንም ተነጥቋል። ብዙዎች ሬሳውን ያላዩት ዘመድ አላቸው፤ ሳይገንዙ፣ ሳይቀብሩ፣ ለቅሶ ሳይቀመጡ ሸሽተዋልና። ለቅሶ ያልተቀመጡለት ሞት አያልቅም። እንግዲህ በዚህ ስፍራ የአእምሮ ጤና ሥራ ከሚጀመርባቸው ነገሮች አንዱ ተፈናቃዮች በመጠለያቸው የራሳቸውን ቅሬ እንዲያቆሙ፣ ወይም የከተማው ቅሬዎች እንዲቀበሏቸው፣ ለቀሩትም ሙታን ለቅሶና ዱዓ እንዲደረግ መርዳት ነው። የወሎ ወዳጃ፣ በአንድነት ተቀምጦ ስለ ሁሉ የሚለመንበት ሥርዓት፣ ለዚህ የተዘጋጀ ነገር ነው። በዘጠኝ ጥያቄ ወይም በሃያ ጥያቄ የማይገኘውን ነገር ሰው በወዳጃ መካከል ይናገረዋል።

በዚህ ላይ ግን እንዳንሳሳት ይገባል። ባህል ሁሉንም ያድናል ማለታችን አይደለም። ድምፅ የሚሰማውን፣ የሚጥል በሽታ ያለበትን፣ አእምሮው ፍጹም የተናወጠውን ሰው በወዳጃና በጠበል ብቻ መተው በሰንሰለት እስከ ማሰር የሚያደርስ መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን። እንዲህ ላለው ሕመምተኛ መድኃኒት ያስፈልገዋል፤ መድኃኒቱም ሳይቋረጥ ሊሰጠው ይገባል። የሚጥል በሽታ ያለበት ሰው የለመደውን ፌኖባርቢታል በድንገት ቢያቋርጥ ሕመሙ ከቀድሞው ብሶ ሊነሣበት ይችላል። በጦርነቱ ጊዜ የደሴ ሆስፒታል በተዘረፈ ጊዜ፣ መንገዱም በተዘጋ ጊዜ የዚህ ዐይነት ሕመምተኛ ወዴት ይሂድ? ይህ በመጠለያ ጥናቶች ውስጥ እምብዛም የማናገኘው ጥያቄ ነው፤ ምክንያቱም መጠይቁ የሚፈልገው በአደጋው ምክንያት የታመመውን እንጂ ከአደጋው አስቀድሞ ታሞ መድኃኒቱን ያጣውን አይደለም።

ስለ መልሱ

«ቍጥር ከሌለ ገንዘብ የለም» የሚል መቃወሚያ ይቀርብብናል። እውነትነት አለው። የዓለም ጤና ድርጅት የ2019 ግምት ብዙ መንግሥታትን አስነሥቷል፤ በጤና ሥራ ውስጥ ያልተቈጠረ ነገር ይረሳል። ይህን አንክድም። ነገር ግን የመጀመሪያው ቈጠራና ዐሥረኛው ቈጠራ አንድ ጥቅም የላቸውም። በመጠለያ ያሉ ሰዎች እንደሚሠቃዩ ዛሬ የሚጠራጠር የለም። እንግዲህ የምንቈጥረው ነገር ይለወጥ፤ «አዎ» ካሉት ሰዎች ስንቱ ጤና ጣቢያ ደረሱ? ስንቱ ሁለተኛ ጊዜ ተመለሱ? የስንቱ መድኃኒት ሦስት ወር ሳይቋረጥ ቈየ? ይህም ቍጥር ነው፤ ለገንዘብ ሚኒስትሩም ቢሆን ይበልጥ የሚያስረዳ ቍጥር ነው።

«ሐኪሙ ከየት ይምጣ?» የሚልም አለ። በአገራችን የመጀመሪያው የአእምሮ ሆስፒታል አማኑኤል በ1930 ዓ.ም. ገደማ ከተቋቋመ ጀምሮ፣ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የአእምሮ ሐኪሞች የልዩ ትምህርት ፕሮግራም በ1995 ዓ.ም. እስከ ተከፈተ ድረስ ብዙ ዘመን አልፏል፤ የሐኪሞቹም ቍጥር ለሕዝቡ ዛሬም እጅግ ጥቂት ነው። ነገር ግን ሥራው ሁሉ ሐኪምን አይጠብቅም። በዚምባብዌ የአእምሮ ሐኪሙ ዲክሰን ቺባንዳ፣ በ2005 በአውሮፓ አቈጣጠር መንግሥት በከተሞች ብዙ መቶ ሺሕ ሰዎችን ከቤታቸው ካስነሣ በኋላ፣ በሐራሬ አሮጊቶችን አሠልጥኖ በጤና ጣቢያ ግቢ በአግዳሚ ወንበር ላይ ሰዎችን እንዲያነጋግሩ አደረገ። ሕዝቡ ሕመሙን የሚጠራበትም ቃል ከእኛው «ሐሳብ በዛብኝ» ጋራ አንድ ነው። በ2016 በታተመው ጥናት 573 ሰዎች ተሳትፈው፣ ከአሮጊቶቹ ጋራ የተነጋገሩት በስድስት ወር ውስጥ ከሌሎቹ እጅግ ተሽሏቸው ተገኝተዋል። በዩጋንዳም በራይኖ ሠፈር 694 የደቡብ ሱዳን ስደተኛ ሴቶች በተሳተፉበት ጥናት፣ ሐኪም ያልሆኑ ሰዎች በተቀዳ ድምፅ በአምስት ስብሰባ የሰጡት ትምህርት ሥቃይን ማቅለሉ ታውቋል። በእኛም አገር ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ የተዘረጋው የጤና ኤክስቴንሽን ሥራ አለ። የጐደለው መሰላሉ ሳይሆን በመሰላሉ ላይ ሰውን የሚያወጣው እጅ ነው።

የምናቀርበው ሐሳብ

ከዚህ ሁሉ በኋላ ለተማሪዎችና ለመምህራን የምናቀርበው ጥቂት ነው።

አንደኛ፣ በመጠለያ የሚደረግ የአእምሮ ጤና ጥናት ከመጽደቁ በፊት፣ በዚያ ስፍራ ያለ ጤና ጣቢያ ሕመምተኞችን ለመቀበል በጽሑፍ የተስማማ ይሁን። የሕይወትን ማጥፋት ጥያቄ ያለዚህ ስምምነት አይጠየቅ።

ሁለተኛ፣ ጠያቂው ከአንድ ጊዜ በላይ ይሂድ። በመጀመሪያው ቀን ይተዋወቅ፤ በሁለተኛው ይጠይቅ፤ በሦስተኛው የተገኘውን ነገር ለተጠየቁት ሰዎች በራሳቸው ቋንቋ ይንገር። ሰው ስለ ራሱ የተጻፈውን የማወቅ መብት አለው።

ሦስተኛ፣ ከተፈናቃዮቹ መካከል የሚታመኑ ሴቶችና ሽማግሌዎች ተመርጠው ይሠልጥኑ፤ በሠለጠኑም በኋላ የሚቈጣጠራቸውና የሚያማክራቸው ነርስ ይመደብላቸው። ሥልጠና አንድ ጊዜ ተሰጥቶ የምስክር ወረቀት ታድሎ የሚበተን ከሆነ ከመጠይቁ የተለየ ነገር አይደለም።

አራተኛ፣ አስቀድሞ ታመው መድኃኒት የለመዱት በስማቸው ይታወቁ፤ የመድኃኒታቸው ስምና መጠን የተጻፈበት ካርድ በእጃቸው ይሁን፤ ዛሬ ከሐርቡ ወደ ወለጋ ቢመለሱ፣ ነገ እንደ ገና ቢሸሹ፣ ማንኛውም ጤና ጣቢያ አንብቦ ሊሰጣቸው እንዲችል።

አምስተኛ፣ ለተፈናቃዩ የሚሰጠው ርዳታ ለሐርቡ ነዋሪም ይድረስ። በአንድ ጐዳና ላይ ጦርነት ካለፈበት ጐረቤት መካከል አንዱን ብቻ መርጦ ማጽናናት ቅሬታን ይወልዳል፤ ቅሬታም የማንንም አእምሮ አያሽርም።

ይህ ሁሉ ጥናቱን ያዘገያል፤ ይህን እናውቃለን። የመመረቂያው ቀን የተወሰነ ነው፤ የመጠለያው ሰው ቀን ግን አልተወሰነም። ስለዚህ ከእንግዲህ ወዲህ ስለ ተፈናቃዮች የተጻፈ ጥናት በፈታኞች ፊት ሲቀርብ፣ ስለ ናሙናው አመራረጥና ስለ ስሌቱ ከሚቀርበው ጥያቄ አስቀድሞ አንድ ጥያቄ ይቅረብ እንላለን፤ «‹አዎ› ያሉት ሰዎች ከዚያ በኋላ ምን ሆኑ?» ለዚህ መልስ ያለው ጥናት ቍጥሩ ትንሽ ቢሆን እንኳ ይለፍ፤ መልስ የሌለው ግን ሠንጠረዡ የቱንም ያህል ቢያምር ወደ መጣበት መጠለያ ተመልሶ ሥራውን ይፈጽም።